የፑል ጠረጴዛን በባለሙያ ማስፈታት፣ ማዛወርና ማስተከል

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፑል ቤት ስለያዝሁ በየወሩ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብልኛል፤ «ጠረጴዛውን ወደ ሌላ ቤት ላዛውረው ነው፤ ስንት ሰው ይበቃኛል?» የሚል። ጠያቂው አንዳንዴ ከሸዋ ሮቢት፣ አንዳንዴ ከመሐል ሜዳ ይደውላል፤ አንዳንዴም ሁለት ቤት አልፎ ያለ ጎረቤት ነው። የሰው ቁጥር ዋናው ጉዳይ አይደለም። የፑል ጠረጴዛ እንደ ጆተኒ አራት ማዕዘኑ ተይዞ የሚነሣ ዕቃ ሳይሆን፣ ተፈትቶ፣ ክፍል በክፍል ተጓጉዞ፣ በአዲሱ ቤት እንደገና የሚሠራ ነገር ነው። ክፍያውም ለጉልበቱ ሳይሆን ጠረጴዛውን ፈትቶ ዳግመኛ ልክ ለሚያስይዘው እጅ ነው። ይህ መመሪያ ሥራውን ራስዎ እንዲሠሩት የተጻፈ አይደለም፤ ባለሙያ እንዴት እንደሚመርጡ፣ ቤቱን እንዴት እንደሚያዘጋጁ፣ ሥራው ሲሠራ ምን መከታተል እንዳለብዎ፣ ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ ምን መፈተሽ እንደሚገባዎ ያሳያል።

ከጨርቁ ሥር ምን አለ?

ጥሩ የፑል ጠረጴዛ ከአረንጓዴው ወይም ከሰማያዊው ጨርቅ ሥር ስሌት የሚባል ለጥ ያለ ድንጋይ አለው። በትልልቆቹ ጠረጴዛዎች ላይ ድንጋዩ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክፍል ሲሆን ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የባለ 8 ጫማ ጠረጴዛ አንዱ ክፍል 70 ኪሎ ግራም ገደማ፣ የባለ 9 ጫማው ደግሞ 90 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በአነስተኞቹ የመጠጥ ቤት ጠረጴዛዎች ላይ ድንጋዩ አንድ ወጥ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም ቀጠን ያለ ቢሆን እንኳ ለብቻው ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ሙሉው ባለ 9 ጫማ ጠረጴዛ ከነፍሬሙና ከነእግሩ 450 ኪሎ ግራም አካባቢ ይደርሳል።

ስሌት ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲታጠፍ ግን አይችልም። ጠረጴዛው ሳይፈታ ከአንድ ጫፍ ብድግ ሲደረግ ፍሬሙ ትንሽ ይጣመማል፤ ድንጋዩ ግን አብሮ ስለማይጣመም በብሎኑ ቀዳዳ በኩል ይሰነጠቃል። ይህን የተማርሁት በራሴ ገንዘብ ነው። የመጀመሪያውን ጠረጴዛዬን በስምንት ሰው ጉልበት ከነሙሉ አካሉ አስነሥቼ፣ የበሩን ደፍ ስናልፍ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ጨርቁን ስንገልጠው መካከለኛው ድንጋይ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ ነበር።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

እርስዎ የሚያዘጋጁት፦
- ሜትር፣ ማርከር፣ ሰፊ ፕላስተር፣ ለብሎንና ለቪቲ የሚሆኑ ትንንሽ ከረጢቶች፤
- ቢያንስ ስድስት ወፍራም ብርድ ልብሶች (የመንዝ ባና ካለዎት ከሁሉም ይሻላል፤ ወፍራም ነው፣ አይንሸራተትም)፤
- የጭነቱን ወለል የሚሸፍን የስፖንጅ ፍራሽ፤
- ሸራ፣ ጠንካራ ገመድና አራት ረጃጅም ጣውላዎች፤
- ከእግሮቹ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ኮምፔንሳቶ።

ባለሙያው ይዞት መምጣት ያለበት፦
- የመካኒክ ውሃ ልክ (ለማሽን ተከላ የሚያገለግል፣ ጥቃቅን መዛባትን የሚያሳይ)፤
- ሙሉ የቁልፍ ስብስብ፣ ካቻቢቴዎች፣ ፒንሳ፣ የሽቦ ምስማር መንቀያ፤
- ቀጫጭን የእንጨት ሽብልቆች፤
- ንጹሕ ሰምና ማቅለጫ እሳት፣ ወይም ለድንጋይ መገጣጠሚያ የሚሆን ስቱኮ፤
- የጨርቅ መወጠሪያና መምቻ፣ ወይም ለጨርቅ የሚሆን ማስቲሽ።

ከሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ አንዱን ብቻ አስታውሱ ብባል ውሃ ልኩን እመርጣለሁ። ግንበኛ የሚይዘው ተራ ውሃ ልክ በአንድ ሜትር እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሊሳሳት ይችላል። ለውድድር ጠረጴዛ የሚፈቀደው መዛባት ግን በጠቅላላው ርዝመት ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ በወርዱ ደግሞ የዚያ ግማሽ ነው። በግንበኛ ውሃ ልክ የተስተካከለ ጠረጴዛ ለዓይን ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ኳሱ ግን ወደ አንዱ ጥግ ይሄዳል። በስልክ ላይ ያለው ውሃ ልክ ደግሞ ትክክለኛነቱ ከዚህም ያነሰ ስለሆነ ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ስልኩን ጨርቁ ላይ ካስቀመጠ ሥራውን አያስጀምሩት።

ደረጃ 1፦ ጠረጴዛዎን ይወቁ

ባለሙያ ከመፈለግዎ በፊት ከአንዱ ጎማ (ኳሱ ነጥሮ የሚመለስበት የውስጥ ዳር) ጫፍ እስከ ፊት ለፊቱ ጎማ ጫፍ ያለውን የመጫወቻ ሜዳ በርዝመትና በወርድ ይለኩ። 254 በ127 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ባለ 9 ጫማ፣ 224 በ112 ከሆነ ባለ 8 ጫማ፣ 198 በ99 አካባቢ ከሆነ ባለ 7 ጫማ ነው። ቀጥሎ ከሥር በእጅ ባትሪ ይመልከቱ። ግራጫ፣ ቀዝቃዛና ከባድ ነገር ካዩ ስሌት ድንጋይ ነው፤ ቡናማ የተጨመቀ እንጨት ካዩ ኤምዲኤፍ ነው። የኤምዲኤፍ ጠረጴዛ ቀላል ስለሆነ ሥራውም ክፍያውም ያንሳል።

ከዚያም ጠረጴዛውን ከአራቱም ጎን፣ ከሥርና ኳስ ከሚገባባቸው ቀዳዳዎች አጠገብ ፎቶግራፍ ያንሡ። ቀድሞ የነበረ ጭረት፣ የተቀደደ ጨርቅ ወይም የላላ ጎማ ካለ በግልጽ እንዲታይ አድርገው ያንሡት። ፎቶው ሁለት ጥቅም አለው፤ ባለሙያው ዋጋውን ሳያይ እንዳይገምት ይረዳዋል፣ በኋላም «ይህ ድሮም ነበር፣ አልነበረም» የሚል ክርክር እንዳይነሣ ይከላከላል።

ደረጃ 2፦ አዲሱን ክፍልና መግቢያውን ይለኩ

የተለመደው ስቴካ (ኳሱ የሚመታበት ዘንግ) 147 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው። ኳሱ ከጎማው ጋር ተጣብቆ ሲቆም ተጫዋቹ ስቴካውን በሙሉ ርዝመቱ ወደ ኋላ ስለሚዘረጋ፣ ክፍሉ ከመጫወቻው ሜዳ በተጨማሪ በእያንዳንዱ ጎን ቢያንስ አንድ የስቴካ ርዝመት ሊኖረው ይገባል። በዚህ ስሌት ባለ 9 ጫማ ጠረጴዛ ቢያንስ 5.50 በ4.25 ሜትር፣ ባለ 8 ጫማው 5.20 በ4.10፣ ባለ 7 ጫማው 4.95 በ3.95 ሜትር ባዶ ክፍል ይፈልጋል። ይህ ዝቅተኛው ልክ ስለሆነ በየጎኑ አንድ ስንዝር ቢጨመርበት ጨዋታው ይመቻል። ምሰሶ ካለ ከምሰሶው ይለኩ እንጂ ከግድግዳው አይለኩ።

የበሩ ስፋት ሦስት ክፍል ለሆነ ድንጋይ እምብዛም አያስቸግርም፤ ድንጋዩ በጠርዙ ቆሞ ይገባል። አንድ ወጥ ድንጋይ ከሆነ ግን ችግሩ ኮሪደሩ ሲታጠፍ ነው፤ ከሁለት ሜትር በላይ የሆነ ቁራጭ በጠባብ ማጠፊያ አይዞርም። ፎቅ ላይ የሚወጣ ከሆነ ደረጃው የሚያርፍበትን ቦታ ጭምር ይለኩና ቁጥሩን ለባለሙያው ይንገሩት። የእንጨት ወለል ባለው አሮጌ ፎቅ ላይ ግን አይትከሉት፤ ወለሉ ክብደቱን ቢችል እንኳ ሰው በተራመደ ቁጥር ስለሚረግብ ልኩ አንድ ቀን አይቆይም።

ደረጃ 3፦ ወለሉን ያዘጋጁ

በእኛ አካባቢ አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከወለሉ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ከደብረ ብርሃን ዙሪያ እስከ እነዋሪ ድረስ ብዙው መሬት ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱ በሚገባ ተቆፍሮ፣ አፈሩ ወጥቶ፣ ድንጋይ ካልተጠቀጠቀበት በቀር ከላይ ያለው ሊሾ ከዋልካው ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል። ለአልጋና ለቁም ሣጥን ይህ አይታወቅም፤ ለፑል ጠረጴዛ ግን በአንዱ እግር ሥር የሁለት ሚሊ ሜትር መነሣት ጨዋታውን ያበላሻል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሊሾውን ይመልከቱ። በበጋ የሚሰፋ፣ በክረምት የሚጠብ ረጅም ስንጥቅ ካለበት የጠረጴዛው እግሮች በስንጥቁ ግራና ቀኝ ተከፋፍለው እንዳያርፉ ቦታውን ያዛውሩ። ቦታ ከሌለ እግሮቹ የሚያርፉበት ቦታ ብቻ ተቆፍሮ በአርማታ ይሞላ። አዲስ አርማታ የታሰበለትን ጥንካሬ የሚያገኘው በ28 ቀን ስለሆነ ከዚያ በፊት ጠረጴዛ አይቁምበት። የአፈር ወለልም የሚታረመው በዚሁ መንገድ ነው። ሴራሚክ በሆነ ወለል ላይ ደግሞ ከሥሩ ባዶ የሆነ ሸክላ በእግሩ ክብደት ስለሚሰበር እያንዳንዱን በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርገው ይምቱት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ላይ እግር አያሳርፉ። በሁሉም ዓይነት ወለል ላይ ከእግሩ ሥር የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ይነጠፍ፤ ክብደቱን ያከፋፍለዋል።

ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ከሁሉ አስቀድመው ያስጠግኑ። የጠረጴዛውን መብራት ግን አሁን አይስቀሉ፤ መካከሉ በትክክል የሚታወቀው ጠረጴዛው ቆሞ ካለቀ በኋላ ነው።

ደረጃ 4፦ ባለሙያውን ይምረጡ

ባለሙያ ለማግኘት አጭሩ መንገድ ጠረጴዛው በደንብ የሚሠራ ፑል ቤት ገብቶ «ይህን ማን ተከለው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የፑል ቤት ባለቤቶች እርስ በርሳችን የገበያ ተፎካካሪዎች ብንሆንም የሠሪ ስልክ አንከለክልም። ከተማዎ ውስጥ ካልተገኘ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይቻላል፤ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ሠሪው በጠዋት ደርሶ ማታ ሊመለስ ይችላል። ከደብረ ሲና በታች ላሉ ከተሞች ግን አዳርና ቀለብ መታሰብ አለበት።

በስልክ ሲያነጋግሩት የሚከተሉትን ያጣሩ፦
- ድንጋዩ ስንት ክፍል እንደሆነ ጠይቆዎታል? ሳይጠይቅ ዋጋ የሚናገር ሰው የጠረጴዛውን ዓይነት ለይቶ አያውቅም ማለት ነው።
- የድንጋዩን መገጣጠሚያ በምን ይደፍናል? «ሰም» ወይም «ስቱኮ» ካለ ሥራውን ያውቃል። «መደፈን አያስፈልገውም» ካለ ሌላ ይፈልጉ።
- በምን ውሃ ልክ ይሠራል?
- ስንት ረዳት ይዞ ይመጣል? ለሦስት ክፍል ድንጋይ ከራሱ ጋር ሦስት ወይም አራት ሰው ይበቃል።
- ልኩ ቢዛባ ተመልሶ ያስተካክላል? በስንት ቀን ውስጥ?

ከመስማማትዎ በፊት በቅርብ የተከለውን አንድ ጠረጴዛ ሄደው ይዩና ራስዎ ኳስ ያንከባሉበት።

ደረጃ 5፦ ውልና ቀብድ

ሠሪው ዘመድዎ ወይም የሠፈርዎ ልጅ ቢሆንም ስምምነቱን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በሁለት ምስክር ፊት ፈርሙ። በጽሑፉ ላይ የመፍታት፣ የማጓጓዝና የመትከል ዋጋ ለየብቻ ይቀመጥ፤ የጨርቅ ዋጋ በማን ላይ እንደሆነ፣ የመኪና ኪራይና የጫኝና አውራጅ ክፍያ ማን እንደሚችል፣ ድንጋይ ቢሰበር ማን እንደሚተካ ይገለጽ። ዋጋው በጥቅል «ሁሉንም ጨምሮ» ተብሎ ሲቀመጥ የጨርቁ ክርክር የሚነሣው ጠረጴዛው ተፈትቶ መሬት ላይ ከተኛ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እርስዎ የመደራደር አቅም የለዎትም።

ስለ ጨርቁ አስቀድመው ይወስኑ። በሽቦ ምስማር የተመታ ጨርቅ ብዙ ካልተጫወቱበት ተነቅሎ ዳግመኛ ሊወጠር ይችላል። በማስቲሽ የተለጠፈ ግን ሲላቀቅ ብዙውን ጊዜ ይቀደዳል ወይም ስለሚለጠጥ አዲስ ጨርቅ መግዛትን ከመጀመሪያው ያስቡ።

ቀብዱን አነስተኛ ያድርጉት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ አጠፌታውን እንደሚመልስ ይደነግጋል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የሰጡት ገንዘብ «ቀብድ» ይሁን ወይስ «ቅድሚያ ክፍያ» በቃሉ ይጻፍ። የመጨረሻው ክፍያ፣ ቢያንስ ግማሹ፣ በደረጃ 9 ያለው ፍተሻ ሳያልቅ አይከፈል።

ደረጃ 6፦ ቀኑንና መኪናውን ይወስኑ

ሐምሌና ነሐሴን ይተዉ። ዝናቡ ጨርቁንና እንጨቱን ያረጥባል፤ የዋልካው ወለልም በእነዚህ ወራት ስለሚያብጥ ያኔ የተያዘ ልክ በጥቅምት ይዛባል። ደጋው ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ደረቅ ቢሆኑም የጠዋቱ ውርጭ ማስቲሽ እንዳይዝ ያደርጋል፣ ሰሙም ወደ መገጣጠሚያው ሳይወርድ ከላይ ይረጋል። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ሥራው ረፋድ ላይ ተጀምሮ ፀሐይ ሳይገባ ይለቅ። የገበያ ቀንንም ይተዉ፤ መኪናም ጫኝም ይወደዳል፣ መንገዱም በሰውና በከብት ይሞላል።

ለአንድ ጠረጴዛ አነስተኛ አይሱዙ ይበቃል። ፒካፕ ጭነቱን ቢችል እንኳ የፍሬሙ ረጃጅም እንጨቶች ወደ ውጭ ስለሚወጡ አይመከርም። የመኪናው የሦስተኛ ወገን መድን በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ ለጫኑት ዕቃ የተገባ አለመሆኑንም ልብ ይበሉ።

ደረጃ 7፦ ሲፈታና ሲጫን አጠገቡ ይሁኑ

መፍታቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የኳስ መግቢያ ቀዳዳዎቹ፣ ከዚያ ጎማ የያዙት የዙሪያ ጠርዞች፣ ከዚያ ጨርቁ፣ ከዚያ ድንጋዩ፣ በመጨረሻ ፍሬሙና እግሮቹ። የእርስዎ ሥራ ምልክት ማድረግ ነው። እያንዳንዱ ጠርዝ ከየትኛው ጎን እንደተፈታ በፕላስተር ላይ ይጻፉ፤ ድንጋዮቹንም ከሥራቸው 1፣ 2፣ 3 ብለው የሚጋጠሙበትን አቅጣጫ በቀስት ያመልክቱ። ድንጋዮቹ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ላይ ተስተካክለው የተቆረጡ ስለሆኑ ቦታቸው ቢለዋወጥ መገጣጠሚያቸው አይገጥምም። የየክፍሉን ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ በየራሱ ከረጢት ከተው ስሙን ይጻፉበት።

ማስጠንቀቂያ፦ ድንጋዩ ሲነሣም ሲሄድም በጠርዙ ቆሞ ነው እንጂ እንደ ትሪ ተዘርግቶ አይያዝም። ተዘርግቶ በሁለት ጫፍ ከተያዘ በራሱ ክብደት መካከሉ ላይ ሊሰበር ይችላል። በየከተማው የተደራጁ ጫኝና አውራጆች ስላሉ ዋጋቸውን በዋዜማው ተነጋግረው ይጨርሱ፤ ድንጋዩን ግን ያለ ባለሙያው ትእዛዝ ማንም እንዳይነካው ያድርጉ። ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰውም ድንጋይ አይያዝ።

መኪናው ላይ መጀመሪያ ፍራሹ ይነጠፋል። ድንጋዮቹ በባና ተጠቅልለው፣ በጠርዛቸው ቆመው፣ ወደ ካቢናው በኩል ካለው ግድግዳ ተደግፈው በጣውላና በገመድ ይታሠራሉ። ማስተኛት ግድ ከሆነ ሙሉ ስፋታቸው ፍራሽ ላይ ይረፍ፤ በላያቸው ላይ ምንም ነገር፣ ሰውም ጭምር፣ አይቀመጥ። ጎማ የያዙት ጠርዞች በጎማው በኩል አይደራረቡ፤ ጎማው ከተጨፈለቀ ኳስ አይመልስም።

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መኪና የጣርማበርን ዋሻ አልፎ በአጭር ርቀት ከ1,500 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ይወርዳል። በቁልቁለቱና በጠመዝማዛው ጭነቱ ወደ ፊትና ወደ ጎን ስለሚገፋ ከዋሻው በፊት ቆመው ገመዱን ዳግመኛ ያጥብቁ። ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ ጨርቁና ጠርዞቹ በሸራ መሸፈናቸውን ያረጋግጡ። በጠጠር መንገድ ለሚሄዱ ደግሞ ሾፌሩ ፍጥነት እንዲቀንስ በውሉ ላይ ባይጻፍ እንኳ አብረውት ተቀምጠው ያስታውሱት።

ደረጃ 8፦ ሲተከል ምን ማየት አለብዎ?

ባለሙያው ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይፈልጋል። በአንድ ሰዓት ጨርሶ የሄደ ሰው አንድ ነገር ዘልሏል፤ የሚዘለለውም ብዙውን ጊዜ ከዚህ በታች ካሉት አንዱ ነው።

ሀ. ፍሬሙ ብቻውን በውሃ ልክ ይስተካከላል። ፍሬሙ ሳይስተካከል ድንጋዩ ከተጫነ በኋላ የሚደረገው ማስተካከል ሁሉ ድንጋዩን እያጣመመ ነው።

ለ. መካከለኛው ድንጋይ መጀመሪያ ይቀመጥና ሁለቱ ዳርዳሮቹ ከእርሱ ጋር ይጋጠማሉ። ከፍ ዝቅ ያለው ቦታ በፍሬሙና በድንጋዩ መካከል ቀጭን ሽብልቅ እየገባ ይስተካከላል። እጅግ ጥቂት ብቻ ማንሣት ሲያስፈልግ ሠሪው የመጫወቻ ካርታ ቀድዶ ሲያስገባ ቢያዩ አይገረሙ፤ ለዚህ ሥራ ካርታ ትክክለኛ መሣሪያ ነው።

ሐ. ቪቲዎቹ እስኪይዙ ድረስ ብቻ ይጠብቃሉ። ከመጠን በላይ የተጠበቀ ቪቲ ድንጋዩን ከቀዳዳው ጀምሮ ይሰነጥቀዋል።

መ. መገጣጠሚያው ይደፈናል። የእኔን ጠረጴዛ የተከለው ሰው ሰሙን በእሳት አቅልጦ በመገጣጠሚያው ላይ አንጠባጠበው፤ ከረጋ በኋላ ስለታም የብረት ሰሌዳ አስተኝቶ ትርፉን እንደ ቅቤ ላጨው። ከዚያ እጄን ይዞ «ጥፍርህን አሳልፈው» አለኝ። ጥፍሬን ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ሳሳልፈው የትም አልተሰናከለም። እርስዎም ጨርቁ ከመልበሱ በፊት ይህን ያድርጉ፤ ጥፍርዎ ከተሰናከለ ኳሱም ይዘልላል፣ ጨርቁ ከለበሰ በኋላ ደግሞ ማረም የሚቻለው ሁሉን ዳግመኛ በማፍረስ ነው። ሰሙ ንጹሕ የንብ ሰም ይሁን፤ ከሱቅ የሚገዛው ሻማ ሲደርቅ እየተፈረፈረ ይወጣል።

ሠ. ድንጋዩ ከአቧራና ከሰም ፍርፋሪ ተጠርጎ ጨርቁ ይወጠራል። ፀጉር ያለው ጨርቅ ከሆነ ፀጉሩ ጨዋታው ከሚጀመርበት ጫፍ ወደ ሌላኛው ጫፍ እንዲተኛ ይደረጋል። መካከሉን በመዳፍዎ ወደ ጎን ሲገፉት መጨማደድ የለበትም።

ረ. ጎማ የያዙት ጠርዞች ይታሠራሉ። ብሎኖቹ በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ እንጂ አንዱ እስከ መጨረሻው ጠብቆ ወደ ሌላው አይታለፍም።

ማስጠንቀቂያ፦ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው ተብሎ የከሰል ምድጃ ከጠረጴዛው አጠገብ አይቀመጥ። ማስቲሽ እሳት ይይዛል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስም ሰው ይገድላል።

ደረጃ 9፦ ሳይከፍሉ ይፈትሹ

ኳሱን በእጅዎ፣ እንዲቆም ያህል ቀስ አድርገው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ያንከባሉት፤ ከዚያ ከተቃራኒው ጫፍ ይመልሱት። ኳስ የሚጠማዘዘው ፍጥነቱ ሊያልቅ ሲል ስለሆነ በኃይል የተመታ ኳስ ስለ ልኩ ምንም አይነግርዎትም። በሁለቱም ረጃጅም ጎማዎች አጠገብ፣ በመካከል፣ በአግድምና በሁለቱ መገጣጠሚያዎች ላይ ይድገሙት። ኳሱ ሲሄድም ሲመለስም ወደ አንድ ጎን ከታጠፈ ጠረጴዛው ያጋደለ ነው፤ መገጣጠሚያው ላይ «ጠቅ» ካለ ሰሙ አልተስተካከለም።

ቀጥሎ በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ በጡጫዎ ያንኳኩ። ሁሉም አንድ ዓይነት ድፍን ድምፅ መስጠት አለባቸው፤ አንዱ ከተንቀጠቀጠ ብሎኑ ላልቷል። ከጨርቁ እስከ ጎማው ሹል ጫፍ ያለው ከፍታ 57 ሚሊ ሜትር ለሆነው ኳስ 36 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በስድስቱም ጠርዞች ላይ እኩል ይሁን። ከወለል እስከ ጨርቅ ያለው ቁመትም ከ74 እስከ 79 ሴንቲ ሜትር መካከል መሆኑን ይለኩ።

ደረጃ 10፦ ከተተከለ በኋላ

ክብደቱ እግሮቹን ወደ ቦታቸው እስኪያስቀምጣቸው ጥቂት ጊዜ ስለሚወስድ በሁለት ሳምንት ውስጥ የኳሱን ፍተሻ ይድገሙ፤ የባለሙያው የመመለስ ግዴታም ከዚህ ያላነሰ ቀን ይሁን። ዋልካ ላይ ያለ ቤት ከሆነ በመስከረም መጨረሻ አንድ ጊዜ፣ በግንቦት አንድ ጊዜ ዳግመኛ ይፈትሹ።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

- ጠረጴዛውን በክፍሉ ውስጥ «ትንሽ ፈቀቅ ለማድረግ» መግፋት። የሚገፋው ከላይ ሲሆን እግሩ ከታች ተይዞ ስለሚቀር መገጣጠሚያው ይላላል፣ ሰሙም ይሰነጠቃል። አንድ ክንድ ለማዛወርም ቢሆን ባለሙያ ይጠሩ።
- ያጋደለውን ጠረጴዛ ከአንድ እግር ሥር ካርቶን አጥፎ ማስተካከል። ካርቶኑ በሳምንት ውስጥ ይጨፈለቃል፤ ፍሬሙም በዚያ ማዕዘን ይጣመማል።
- ለድንጋዩ ተጨንቆ ኳሶቹንና ስቴካዎቹን መርሳት። ስቴካ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ወይም ፀሐይ ላይ ተኝቶ ከዋለ ይጎብጣል፤ ለጥ ባለ ቦታ ተኝቶ ይጓጓዝ።
- አናጺ ጠርቶ ማስተከል። ጎበዝ አናጺ ፍሬሙን አሳምሮ ይገጥማል፤ ድንጋዩን ግን እንደ ጣውላ አጥብቆ ያስረዋል። ለጥገና ከተጠራሁባቸው ጠረጴዛዎች በአንዱ ላይ በአራት ቪቲ ቀዳዳዎች ዙሪያ አራት ስንጥቅ አግኝቻለሁ፤ ባለቤቱ ግን ችግሩ ከጨርቁ ነው ብሎ ሁለት ጊዜ ጨርቅ ቀይሮ ነበር።